ለፊልም ድምፅ ጌሚንግ ላፕቶፕ አትግዢ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ለአጫጭር ፊልሞችና ለዩቲዩብ ድራማዎች ድምፅ እሠራለሁ። የምሠራው አራት ኪሎ፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ያለኝ ላፕቶፕ 4ኛ ጀነሬሽን ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ትራኩ ሲበዛ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ቪዲዮውም ይንቀረፈፋል። 90 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ባለሱቁ ለፊልም ከሆነ ግራፊክስ ካርድ ያለው ጌሚንግ ኮር አይ7 ካልሆነ አይሆንሽም አለኝ። ጓደኞቼ ያገለገለ ማክቡክ ይሉኛል። ዴስክቶፕ ይሻላል የሚልም አለ። የቱን ልግዛ?»

ጌሚንጉን ተዪው። ባለሱቁ ፊልም ሲባል ኤዲቲንግ ነው የመሰለው። ከለር ለሚሠራ፣ ኢፌክት ለሚሠራ፣ ስሪዲ ለሚሠራ ሰው እውነቱን ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የግድ ነው። የድምፅ ሶፍትዌር ግን ሸክሙን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚጥለው ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) እና ራሙ ላይ ነው። ኢኪው፣ ኮምፕረሰር፣ ሪቨርብ፣ የጩኸት ማጽጃው ሁሉ እዚያው ነው የሚሰላው። ለካርዱ የከፈልሽው ብር ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። እሱስ ባልከፋ፣ ጌሚንግ ላፕቶፕ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፋኑ ይጮኻል፣ አንቺ ደግሞ በዚያችው ክፍል ማይክ ከፍተሽ የእግር ኮቴና የልብስ ኮሽታ ልትቀጂ ነው። የፋን ድምፅ አንዴ ቀረጻ ውስጥ ከገባ ማጽዳቱ ሌላ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ባለው የድምፅ ገጽ፣ በፌርላይት፣ የምትሠሪ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። ሪዞልቭ ሲጀመር ለምስል የተሠራ ስለሆነ ግራፊክስ ይወዳል። ያለ ካርድም ይከፈታል፣ ቀለል ባለ ቪዲዮ ላይ የድምፅ ገጹን ብቻ ብትጠቀሚ ይሠራል፣ ግን ይከብደዋል። እንደ ሪፐር ወይም ፕሮ ቱልስ ባለ ለድምፅ በተሠራ ሶፍትዌር የምትሠሪ ከሆነ ከሲፒዩው ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ መቆራረጡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ግማሹን ያለ ምንም ወጪ ዛሬ ማታ ልታስተካክዪው ትችያለሽ። ለፊልም የምትሠሪው በ48 ኪሎኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና። ሶፍትዌሩ እነዚህን በጥቅል በጥቅል ነው የሚያሰላው፤ የጥቅሉ መጠን በፈር ይባላል። በፈርሽ 128 ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ጥቅል 2.7 ሚሊ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጨርሶ ማስረከብ አለበት። ካልደረሰበት ያ ሁልጊዜ የምትሰሚው ቀጭ ቀጭ ይመጣል። 1024 ላይ ብታደርጊው 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያገኛል። ይህ ለሚክስ ምንም አይጎዳሽም። በ25 ፍሬም የሚሄድ ፊልም አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ መዘግየቱ ከአንድ ፍሬም ያነሰ ነው፣ ሶፍትዌሮቹም ራሳቸው ያካክሱታል። በፈር የሚቀነሰው ሰው በጆሮው ራሱን እየሰማ ዳቢንግ ሲቀዳ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ወደ 1024 መልሽው። ብዙ ሰው ይህችን ሳይነካ ነው ኮምፒውተር ልቀይር የሚለው።

የቪዲዮው መንቀርፈፍ ደግሞ ምንጩ ሌላ ነው። ኤዲተሩ የላከልሽ ፋይል ኤች.264 ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚልከው። ያ ፎርማት ፋይሉን ለማሳነስ ሲል አብዛኛውን ፍሬም ሙሉ አድርጎ አያስቀምጠውም፣ ከጎረቤቱ የተለየውን ብቻ ነው የሚይዘው። ወደፊት ሲጫወት ችግር የለውም። አንቺ ግን የበር መዝጊያውን ድምፅ ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም ወደፊትም ወደኋላም ስትመላለሺ ሲፒዩው እያንዳንዱን ፍሬም እንደገና መገንባት አለበት። ኤዲተሩን እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አድርገው በሚያስቀምጡት ፎርማቶች፣ በፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም በዝቅተኛው ዲኤንኤክስኤችዲ፣ ላክልኝ በዪው። ፋይሉ ይገዝፋል፣ የ90 ደቂቃ ፊልም 25 ጊጋ ገደማ ይሆናል፣ ሲፒዩውን ግን ያሳርፈዋል። የላይኛው ጥግ ላይ ታይምኮድ (ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ፍሬም የሚቆጥረው ቁጥር) ይታተምበት፣ ፊልሙ ሊጀምር ሁለት ሰከንድ ሲቀረውም አጭር ምልክት ድምፅ ይግባበት በዪው። እሱ ከኮምፒውተር ጋር አይገናኝም፣ ግን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም 4 ጊጋ ራም አያዘልቅሽም። ዊንዶውስና አንድ ብራውዘር ብቻ ይጨርሱታል። ስለዚህ መግዛትሽ ትክክል ነው፣ ጥያቄው ምን የሚለው ነው።

ኮር አይ7 የሚለው ተለጣፊ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ወሳኙ ጀነሬሽኑ ነው፣ ሲፒዩው የስንተኛው ትውልድ እንደሆነ ማለት ነው። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ኢንቴል 7ኛ ጀነሬሽን ድረስ አይ7 እያለ የሚሸጠው ባለ ሁለት ኮር (ሲፒዩው ውስጥ ጎን ለጎን የሚያሰሉ ክፍሎች) ነበር፤ አይ7-7500ዩ ለምሳሌ ሁለት ኮር ነው። በሚቀጥለው ጀነሬሽን የመጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። አዲሱ አይ5 አሮጌውን አይ7 ጥሎት ይሄዳል ማለት ነው፣ ገበያው ላይ ግን አሁንም አይ7 ስለተባለ ብቻ አሮጌው በውድ ሲሸጥ ታያለሽ። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቢ። አራት አኃዝ ሆኖ በ8 ከጀመረ 8ኛ ነው፤ በ10፣ በ11፣ በ12 ከጀመረም እንደዚያው ነው። ከ8ኛ በታች አትውረጂ። ሌላም ምክንያት አለው፤ ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ሲፒዩዎች በይፋ አይቀበልም። «አስገድጄ ጭኜልሻለሁ» የሚልሽ አይጠፋም። ይጫናል፣ ግን አንድ ቀን አፕዴት ላይ የፊልም ማስረከቢያሽ ደርሶ ቢያስቸግርሽ አጠገብሽ የለም።

ራም 16 ጊጋ ይሁን። በ8 መጀመር ይቻላል፣ ግን ላፕቶፑ ተከፍቶ የሚጨመርበት ከሆነ ብቻ ነው። ቀጫጭን የሆኑት ብዙዎቹ ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ከገዛሽው በኋላ ምንም ማድረግ አትችዪም። ባለሱቁ «ይጨመራል» ቢልሽ አፉን አትመኚ፣ ራስሽ እዪ። ታስክ ማናጀር ክፈቺ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ተጫኚ፤ ከታች በቀኝ ስንት የራም ቀዳዳ እንዳለውና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፍልሻል። ከሁለት አንዱ ክፍት ከሆነ እሰየው። ሁለቱም በ4 በ4 ከተያዙም ችግር የለም፣ ታወጫቸዋለሽ። የተበየደ ከሆነ ግን ከሁለት ሁለቱ ተይዟል ሊልሽ ስለሚችል የሞዴሉን ስም ስልክሽ ላይ ፈልጊና አረጋግጪ።

እንግዲህ ስም ጥሪ ካልሽኝ፣ የቢሮ ላፕቶፖችን ነው የምመክርሽ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲትዩድ 5490፣ ወይም ከእነዚሁ ቀጥለው የወጡት። ሦስቱም ባብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን ናቸው (7ኛም ስላለ ቁጥሩን እዪ)፣ ሦስቱም ሁለት የራም ቀዳዳ አላቸው፣ ተከፍተው ይጠገናሉ። ውጭ አገር ድርጅቶች በየተወሰነ ዓመቱ በገፍ ስለሚቀይሯቸው እዚህም ያገለገሉት በብዛት ይገኛሉ። ቲ480ን ለየት አድርጌ የምወደው በመብራት ምክንያት ነው። ሁለት ባትሪ አለው፣ አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ ይነቀላል። ውስጠኛው እያሠራው የውጪውን አውጥተሽ ሌላ መክተት ትችያለሽ፣ ሳይጠፋ። ቲ480ኤስ የሚባለው ቀጭኑ ወንድሙ ግን አንድ ራሙ የተበየደ ነው፣ ሲሸጡልሽ እንዳያምታቱብሽ።

ማክቡክ ላይ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ኤም1 ማክቡክ ኤር፣ 2020 መጨረሻ ላይ የወጣው፣ ፋን የሚባል ነገር የለውም። ዝም ያለ ማሽን ነው፣ ለቀረጻ ከዚያ የተሻለ አላውቅም። ባለ 16 ጊጋው በበጀትሽ ውስጥ፣ የባለቤት መቆለፊያ የሌለበት ሆኖ ከተገኘ ውሰጂው፣ የእኔን ቲንክፓድ እርሺው። የሚያጋጥምሽ ግን ባለ 8 ጊጋው ነው። እሱ ለአጭር ፊልም ይበቃል፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ራሙም ኤስኤስዲውም የተበየደ ስለሆነ እጅሽን አጣምረሽ ታይዋለሽ። ከዚያ በፊት ያሉትን ባለ ኢንቴል ማክቡኮች፣ በተለይ ከ2016 እስከ 2019 የወጡትን፣ አትንኪያቸው። የብዙዎቹ ኪቦርድ የታወቀ ችግር ነበረበት፣ አፕልም ማክኦኤስ 26 ለኢንቴል የመጨረሻው እንደሆነ ተናግሯል። የባለቤት መቆለፊያ ያልኩት ይህን ነው። ድርጅት ገዝቶት ከርቀት የሚያስተዳድረው ማክ ውብ ሆኖ ይሠራል፤ አንድ ቀን ፎርማት ስታደርጊውና ኢንተርኔት ሲያገኝ «ይህ ኮምፒውተር የእገሌ ድርጅት ነው» ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ፊትሽ ላይ ከዜሮ ያጥፉት፣ ከዋይፋይ ጋር ያገናኙት፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ይግቡ። እንቢ ካሉ ጥለሽ ውጪ።

ዴስክቶፕ በገንዘብ ደረጃ ያሸንፋል፣ አልዋሽም። ያገለገለ 8ኛ ጀነሬሽን የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ አይ5-8500 ታገኛለሽ፣ ስድስት ሙሉ ኮር፣ ከላፕቶፑ ባነሰ ዋጋ። ጠረጴዛ ስር ወይም ከግድግዳ ወዲያ ታስቀምጪዋለሽ፣ ፋኑ አይሰማም። ግን ሞኒተር፣ ኪቦርድና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) ስትጨምሪበት ልዩነቱ ይጠፋል። ዩፒኤሱ ደግሞ ቅንጦት አይደለም። መብራት ድንገት ሲሄድ የሚጠፋው ያልተቀመጠው ሥራሽ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በዚያ ቅጽበት እየተጻፈ ያለው የፕሮጀክት ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ በላይ ግን ዳይሬክተሩ «ቤቴ እንስማው» ሲልሽ ዴስክቶፕ ተሸክመሽ ታክሲ ልትሳፈሪ ነው? ከአራት ኪሎ የትም የማትንቀሳቀሺ ከሆነ ዴስክቶፕ ግዢ። አለበለዚያ ላፕቶፕ።

ስለ መብራት ካነሳን ሃሚንግ የሚባለውን፣ ቀረጻ ውስጥ የሚገባውን የእምም ድምፅ ጣጣም ልንገርሽ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት መስመር) ከሌለው፣ አሮጌ ቤቶች ላይ ብዙ ጊዜ የለውም፣ ያ 50 ኸርዝ ከነዘመዶቹ በቻርጀሩ በኩል ወደ ቀረጻሽ ይገባል። ቻርጀሩን ንቀዪና ስሚ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው የቤቱ መስመር ወይም ቻርጀሩ ነው፣ ኮምፒውተር ብትቀይሪም ላይለቅሽ ይችላል። በባትሪ ቅጂ፣ ኤሌክትሪሻን ጠርተሽም ኧርዙን አሠሪ። ሦስተኛዋን የፕለግ እግር ስበሪያት የሚልሽን ጆሮ ዳባ ልበስ በዪው፣ ድምፁ ሊቀንስ ይችላል፣ አንቺን ግን ኤሌክትሪክ ሊይዝሽ ይችላል።

ስለ ማስቀመጫ ብዙ አልልም። ውስጡ ኤስኤስዲ ይሁን፣ 512 ጊጋ ይበቃል። ድምፅ እንደምታስቢው ቦታ አይበላም። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አንድ ሞኖ ትራክ በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ነው የሚይዘው። ቦታ የሚጨርሱት ቪዲዮውና የኢፌክት ላይብረሪው ናቸው። ለእነሱ የውጪ ኤስኤስዲ ግዢ። በርካሽ የሚሸጡትን «2 ቴራ ፍላሽ» አትመኚ፣ አብዛኞቹ መጠናቸውን የሚዋሹ ናቸው፤ እስከ እውነተኛ መጠናቸው ይቀበሉሽና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ዝም ብለው ያጠፉታል። የተጠናቀቀ ፊልም ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ይኑር።

ቦሌ መድኃኔዓለምም ሂጂ መርካቶ፣ ሱቅ ስትገቢ ፍላሽ ላይ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ይዘሽ ሂጂ። አንዱ ክሪስታልዲስክኢንፎ ነው፣ ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይነግርሻል። ሌላው ሌተንሲሞን ይባላል፣ እሱን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ለድምፅ ሠሪ ግን ከሁሉም ይበልጣል። አንዳንድ ላፕቶፕ ሲፒዩው ጠንካራ ሆኖ ሳለ የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዕቃውን የሚያዘው ትንሽ ሶፍትዌር) በመሃል እየገባ ሲፒዩውን ለቅጽበት ይይዘዋል፣ ድምፅሽም ይቆራረጣል። አስር ደቂቃ አስነሺው፣ ዋይፋይ በርቶም ጠፍቶም። አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ ነው። ዋይፋዩ ሲጠፋ ብቻ የሚረጋጋ ከሆነም አያስጨንቅም፣ ስትቀጂ ታጠፊዋለሽ። በሁለቱም ቀይ ከሆነ ድራይቨር በመቀየር ሊስተካከል ይችል ይሆናል፣ አንቺ ግን ያንን ዕጣ አትቁረጪ፣ ሌላ አምጡ በዪ። በዚያው የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሞክሪ፣ የሄድፎኑን ሶኬት ገመዱን እያወዛወዝሽ ስሚ፣ ጆሮሽን ኪቦርዱ ላይ አስጠግተሽ ፋኑን አዳምጪ። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ሶፍትዌር) ፓስወርድ እንደሌለውም አረጋግጪ። ደረሰኝ ላይ የተጻፈ የመመለሻ ቀን ጠይቂ። የቃል ዋስትና የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም።

ሶፍትዌር ላይ፦ ሪፐር ለግለሰብና ለትንሽ ሥራ 60 ዶላር ነው፣ 60 ቀን በነጻ ይሞከራል። ፕሮ ቱልስ ኢንትሮ በነጻ ይገኛል፣ ግን 8 የድምፅ ትራክ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ለመማሪያ እንጂ ለፊልም አይሆንም። በውጭ ምንዛሬ መክፈል ጣጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ክራክ የተደረጉ ፕለጊኖችን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመሩ ማጽጃና ኢፌክቶችን) ሰብስቦ መጫን አዲሱን ማሽን በመጀመሪያው ሳምንት የማበላሸት አቋራጭ መንገድ ነው። ከቫይረሱ ሌላ፣ መሃል ሥራ ላይ ዝም ብለው የሚዘጉት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው፣ ሰውም «ኮምፒውተሩ ደክሟል» ይላል። ከሪፐር ጋር የሚመጡት ይበቁሻል።

ከዚህ ማሽን የማትጠብቂውንም ልናገር። የጩኸት ማጽጃዎች፣ በተለይ ንግግርን ከጄኔሬተርና ከመኪና ጩኸት የሚለዩት አዳዲሶቹ፣ ብዙዎቹን በቀጥታ እያስኬድሽ ልትሰሚያቸው አትችዪም። አንድ በአንድ እያጸዳሽ አዲስ ፋይል አድርገሽ ማስቀመጥ አለብሽ፣ እሱም ያስጠብቅሻል። በመቶ የሚቆጠር ትራክና ሰራውንድ ሚክስም የዚህ ላፕቶፕ ሥራ አይደለም። ለነገሩ ሰራውንድ በሄድፎን በዚያች ክፍል አይሠራም፤ ሲኒማ ቤት የሚገባ ፊልም ሲመጣልሽ ቅድመ ዝግጅቱን ቤትሽ ሠርተሽ የመጨረሻውን ሚክስ ክፍሉ የተስተካከለ ስቱዲዮ በሰዓት ተከራይተሽ ጨርሺው።

ገንዘቡን በብር ልከፋፍልልሽ አልችልም፣ ዋጋው በየሳምንቱ ይገለባበጣል። በድርሻ ግን እነግርሻለሁ። ከ90ው ግማሹን፣ ቢበዛ ስልሳ ከመቶውን፣ ለላፕቶፑና ለራሙ አውጪ። ከቀረው መጀመሪያ ሄድፎን ግዢ። ዝግ የሆነውን፣ ሶኒ ኤምዲአር-7506ን የመሰለ፣ እሱ 63 ኦም ስለሆነ ከላፕቶፕ ቀጥታ ይነዳል። ፎርጅዱ ብዙ ነው፣ ሳትሰሚ አትክፈዪ። ቀጥሎ የውጪ ኤስኤስዲ። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ሦስተኛ ነው፣ ባለ ሁለት መግቢያ ተራ የዩኤስቢ ይበቃል፣ ራስሽ የማትቀጂ ከሆነም ሊቆይ ይችላል። ለመንገዱ ጩኸት የሚሆን ኮምፒውተር የለም። ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀዪ፣ ታክሲው ሲቀንስ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ቅጂ።

ስለዚህ፦ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፣ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ አይ5 ይሁን አይ7 አትጨነቂ፣ ሁለት የራም ቀዳዳ፣ 16 ጊጋ፣ 512 ኤስኤስዲ። ቲ480 በጥሩ ባትሪ ካገኘሽ ሌላ አትፈልጊ። አሮጌውንም አትሽጪው፣ የሚያወጣልሽ ብር የለም። ኢንተርኔቱን፣ ዋትስአፑንና ቴሌግራሙን እሱ ላይ አድርጊና አዲሱ ላይ ከድምፅ ሌላ ምንም አትጫኚ።